ለአዞ ጉዞ ዋስ

ማዳም ዘይነብ ከሕንድ አገር በተመለሰች ማግስት ሠራተኛዋ ርሆቦት ጣራው ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና፣ «እሺ፣ ነብሩ ደህና ነው? ጌጤነሽ ሰላም ብላሃለች አላላችሁትም?» አልኳት።

«ምን ነብር አለ እትዬ ጌጤ» አለች፣ የአንሶላውን ጫፍ በጥርሷ እንደያዘች። «አምስት ቀን በጂፕ ዞረን ያየነው ዱካውን ብቻ ነው። ማዳም ዱካው አጠገብ ተንበርክካ ሃያ ሦስት ፎቶ አነሣች።»

«ለዱካ?»

«ለዱካ።»

«የኔም እግር ዱካ አለው እኮ። ወለሉ ሳይደርቅ በረገጥኩ ቁጥር ይጮሁብኛል እንጂ ፎቶ የሚያነሣኝ አላገኘሁም።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። አንሶላውን ገመዱ ላይ ጥላ ከሰፈራችን ከባያን ቪላዎች በላይ አቧራ ወዳዘለው ሰማይ አየች። የታጠበው ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ስልኳን አውጥታ መልሳ ከተተችው። ቁጭ ብላም ቆማም የማታርፍ ልጅ ናት።

እኔ ጌጤነሽ እባላለሁ። ዓረብ አገር መጥቼ ጎረቤት ካለው ቤት፣ ማዳም ዙበይዳ ዘንድ፣ ወጥ ቤት ከገባሁ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ማዳም ዙበይዳና ማዳም ዘይነብ እህትማማቾች ናቸው። ቤታቸው ጎን ለጎን ነው፤ ጣራቸውም የልብስ መቆንጠጫ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመወርወር ይመቻል። ከአንድ እናት መውጣታቸውን ግን ወረቀት ካላየሁ አላምንም። ታላቅየዋ፣ የኔዋ፣ ከሶፋው እስከ መኪናው ያለው መንገድ እንኳ ይረዝምባታል። ድመት ግቢ ከገባ «ጌጤ! ጌጤ!» እያለች እግሯን ሶፋ ላይ ትሰቅላለች። ታናሽየዋ ደግሞ በስልሳ ሦስት ዓመቷ የአንበሳ ጥርስ ካልቆጠርኩ ባይ ናት።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም ይላሉ። ባሏ የነዳጅ ኩባንያ ሰው ስለነበር ሠላሳ ዓመት የነዳጁ ከተማ አሕመዲ ኖራለች። ምክትል ርእሰ መምህር ነበረች፤ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣ አለቀ። ባሏ ሲሞት እህቷ አጠገብ ቤት ገዝታ ወደ ባያን መጣች። የሐዘን ወራቷን ጨርሳ ጥቁሩን ባወለቀች በሳምንቱ ታንዛኒያ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! ታንዛኒያ ለአንበሳ፣ ደቡብ አፍሪካ በብረት ሣጥን ባሕር ገብታ ለሻርክ፣ ኢንዶኔዥያ ጎሽ ለሚጥል እንሽላሊት። ስትመለስ ዐሥር ቀን ታርፋለች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን መመላለስ ትጀምራለች፤ መጋረጃውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ርሆቦትም ያኔ፣ ማንም ሳያዛት፣ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ስባ አቧራውን ትጠርጋለች።

ምክንያቱም ማዳም ያለ ርሆቦት አትሄድም። የርሆቦት ሥራ የደም ግፊቱን ኪኒን፣ የሻዩን ፔርሙዝና የመስገጃውን ምንጣፍ መያዝ ነው። ማዳም አውሬውን ታያለች፣ ርሆቦት ማዳምን ታያለች። ታንዛኒያ አንበሳው ከመኪናው ሦስት ክንድ ላይ ሆኖ ሲያዛጋ እሷ ሻይ እየቀዳች ነበር።

«አልፈራሽም?» ብላት፣

«ሻዩ እንዳይደፋ ነው የፈራሁት፤ ማዳም ነጭ ለብሳ ነበር» አለችኝ።

ለሻርኩ ጊዜ ዋና ስለማትችል ጀልባው ላይ ቀርታ ከጠዋት እስከ ቀትር ስታስመልስ ዋለች። ዓርብ ለቅዳሴ የምንገናኘው ሴቶች ይኼን ስንሰማ እንዴት አዘንን! «ሰው ቤት መሥራቱ አንሶ ለአውሬ ትነዳለች» ተባለ። እኔም ከንፈር ከመጠጡት አንዷ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ነጭ ድብ ያለበት የበረዶ አገር ቪዛ ለማዳም ብቻ ወጣና ርሆቦት ቀረች። እንኳን ቀረሽልኝ ብዬ ላጽናናት ብሄድ ፊቷን አዞረችብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሩዝ ስታሳርር ከረመች። ቪዛ መከልከሉ እንደ ውርደት ተሰምቷት ነው ብዬ ተውኩት።

የአገራችን ጉዞ ወሬ የመጣው በኅዳር ነው። ያመጣችውም ራሷ ርሆቦት ናት። ሕንድ አገር ጂፕ ውስጥ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ማዳም ተስፋ ቆርጣ ዝም ባለችበት፣ «የኛ አገር አዞ እንኳ እንዲህ አይግደረደርም፤ መቶ ሆኖ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል» ትላታለች።

«አገርሽ የት ነው?»

«አርባ ምንጭ። ጫሞ የሚባል ሐይቅ አለ።»

«ምን ያህላል አዞው?»

«ትልቁ ከዚህ መኪና ይረዝማል።»

ማዳም ዘይነብ ዞራ አየቻት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ እየቀዳሽልኝ ይኼን ደበቅሽኝ?»

«አልደበቅኩም ማዳም። እኛ ዘንድ አዞ አይቆጠርማ።»

ርሆቦት ከአርባ ምንጭ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው። ኢጃዛዋ፣ የዓመት ዕረፍቷ ማለቴ ነው፣ በደረሰ ቁጥር አንድ አውሬ ይመጣና ይበላዋል። እናቷ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ትሸጣለች፤ ልጇን የምታውቃት በስልክ ነው። እንግዲህ ጉዞው ታኅሣሥ ላይ፣ ለዐሥራ ሁለት ቀን፣ ተብሎ ተቆረጠ። ርሆቦት ያን ሳምንት እግሯ መሬት የረገጠ አይመስልም ነበር።

ሐሲና እስክትሰማ ነው ታዲያ። ሐሲና የማዳም ዘይነብ አንድ ልጅ ናት፤ ባንክ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ አክስቷ ቤት ምሳ ትበላለች። የዚያን ዓርብ መጅቡሱን፣ ሥጋና ሩዙን፣ በትልቁ ትሪ ይዤ ስገባ ጠቡ ደርቶ ደረስኩ።

«እናቴ፣ አገሯ ወስደሻት ትመለሳለች?» ትላለች ሐሲና። «አየር ማረፊያው ላይ ቦርሳሽን ታስጨብጥሽና ትጠፋለች። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ብቻሽን አዞ መሐል ትቀሪያለሽ።»

«አዞ ምን ያደርገኛል? ሥጋዬ አርጅቷል» አለች ማዳም ዘይነብ፣ ሩዙን በጣቷ እየጠቀለለች።

«ወይ እሷን ትተሽ ሂጂ፣ ወይ ሁላችሁም ቅሩ። እንደማትመለስ አውቃለሁ። ስንቷ ጠፍታለች!»

ርሆቦት የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደኔ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት እንዲህ ያለ ቦታ ትሪዋን አስቀምጣ መውጣት ነበረባት። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ።

«እኔ ዋሷ ነኝ» አልኩ። በዓረብኛ ስለው ያገኘሁት ቃል ከፊል የሚለውን ነው፤ እዚህ አገር ከፊል ማለት ደግሞ የመኖሪያ ወረቀትሽን የሚፈርም አሠሪሽ ነው።

ማዳም ዘይነብ በሳቅ ትን አላት። «ከፊሏ እኔ ነኝ! ሻርኩ ጋ ሳለሁ ነው እንዴ የሻርሽኝ?»

«በኛ አገር» አልኩ፣ «ሰው ሲጠረጠር፣ የሚያምነው ሰው ይነሣና እሱ ቢቀር እኔን ያዙ ይላል። እሷ ብትቀር እኔን ያዙ።»

ሐሲና ማንኪያዋን አስቀመጠች። የባንክ ሰው ናት። «ይዤስ ምን ላድርግሽ?»

እሱን አላሰብኩበትም ነበር። «ያሻሽን» አልኩ።

«ኢጃዛሽ መቼ ነው?»

ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንዷ ልጄ ማህሌት ጥር ዐሥራ ሰባት ቀን ወሊሶ ላይ ትዳራለች፤ እኔ የምሄደው ጥር አምስት ነው። ልጄን ካየኋት አምስት ዓመቴ ነው።

«እንግዲያው» አለች ሐሲና፣ «ርሆቦት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ካልተመለሰች አንቺ ኢጃዛ የለሽም። ሌላ ሠራተኛ እስክናገኝ እናቴ ቤት ትሠሪያለሽ። ሠራተኛ ለማስመጣት ደግሞ ሦስት ወር ይፈጃል። አክስቴ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች ማዳም ዙበይዳ፣ አፏ ሩዝ እንደሞላ። «ለኔስ ማን ይቀቅላል?»

ከሰዓት ጣራ ላይ ስንገናኝ ርሆቦት ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ባልዲውን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ማን ዋስ ሁኚልኝ አለሽ እትዬ?»

«እንዴ! ከጉዞው ልትቀሪ አልነበር እንዴ?»

«ብቀር ይሻለኝ ነበር። አሁን እግሬን አሰርሽው።»

«ምን አደረግኩሽ?»

«እናቴን ስድስት ዓመት አላየኋትም። አይቻት ልቀር እንደምችል አላሰብሽም?»

«አላሰብኩም።»

«እንግዲያው አሁን አስቢ» አለችና ባልዲዋን ይዛ ወረደች።

አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው። የሄዱ ዕለት በር ላይ ቆሜ «ተመለሺ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የልጄን ሠርግ ለማዳን እናቷን ልቀማት ነው? አፌን ዘጋሁት። «ሰላም በይልኝ» ብቻ አልኩ። እሷም ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ዐሥራ ሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ልንገራችሁ። የታጠበውን ድስት ደግሜ አጠብኩ። ማቀዝቀዣውን አውጥቼ ከኋላው ጠረግኩ። ማዳም ዙበይዳ «ጌጤ፣ ቁጭ በይ፤ ራሴን አዞርሽው» አለችኝ፤ ከዘይነብ ሌላ ሰው እንዲህ ብላ አታውቅም። የሁለቱም ቤት ሹፌር መላኩ ደግሞ መኪናውን እያጠበ ይነካካኛል።

«እትዬ ጌጤ፣ ዋስ ሆነሻል አሉ?»

«ሆኛለሁ፤ ምን ይሁን?»

«አይ ምንም። አባቴም አንድ ጊዜ ሆኖ ነበር። ሰውየው እስኪገኝ ሁለት ሳምንት ጣቢያ ተኛ። ከወጣ በኋላ ለዶሮ እንኳ ዋስ አልሆንም አለ።»

«አንተ መኪናህን እጠብ!»

ርሆቦት በስልኳ ድምፅ ትልክልኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የላከችው ከጀልባ ላይ ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፣ እሷ ትጮሃለች። «እትዬ፣ ማዳም ጀልባው ላይ ቆማለች! ቁጭ በይ ቢሏት እንቢ አለች! አዞው አፉን እንደከፈተ ዝም ብሎ ያያታል፣ እሷም አፏን ከፍታ ታየዋለች፤ ማን ማንን እንደሚፈራ አላወቅኩም!» ሳቅኩ። በስድስተኛው ቀን የላከችው ከእናቷ ቤት ነው። እልልታ ነበረበት። ከእልልታው በስተኋላ አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ በሙዝ ገበያ የሻከረ፣ «ከእንግዲህ ማን ይወስድብኛል! ማንም አይወስዳትም!» ስትል ሰማሁ። ያንን ድምፅ ሰባት ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም። በሰማሁት ቁጥር እውነቷን ነው እላለሁ፤ ቀጥዬም የማህሌትን ፎቶ አያለሁ።

በስምንተኛው ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አሁን አዞዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው አሉ። እናቲቱ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ላዩ ላይ ሦስት ወር ትተኛለች። ምግብ እንኳ ብዙም አትፈልግም። እንዳንቺ ጾም ይዛለች። የሚቀርባትን ሰው ግን አትምርም፤ አሁን ነው አደገኛ የምትሆነው ይላል አስጎብኚው። ማዳም ይኼን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።»

ከዚያ በኋላ ጸጥ አለች። ዘጠነኛው ቀን፣ ዐሥረኛው ቀን፣ ምንም። ስደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» ይለኛል። ማህሌት ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች።

«እማ፣ ቀሚስሽን በአክስቴ ልኬት አሰፋሁት። ከስተሻል ወፍረሻል?»

«እንዳለሁ ነኝ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ? ትመጪያለሽ አይደል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ትኬቱ ተቆርጦ!»

ስልኩን ዘግቼ ጣራ ወጣሁ። ከጣራው ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ጣራ፣ የውኃ ታንከር፣ ሌላ ጣራ። ወረድኩ። ተመልሼ ወጣሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መላኩ ከቀትር በኋላ ወደ አየር ማረፊያ ሄደ። ሐሲና ባንክ ስለነበረች እኔ ደጅ ቆምኩ። መኪናው ሲታጠፍ መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ቆመ። የኋላው በር ተከፈተ። መጀመሪያ ያየሁት የርሆቦትን ጫማ ነው፤ ከዚያ ራሷን። ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ሳምኳት፣ ልጄ፣ እመቤቴ፣ ያላልኳት የለም። ሌላኛው በር የማይከፈት መሆኑን ያየሁት ቆይቼ ነው።

«ማዳምስ?»

«ቀረች።»

«ወየው! በላት?»

«ኧረ ምን በላት! ቀረች ነው የምልሽ። ጠፋች።»

መላኩ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ሲስቅ ነው የመጣው። በዚህ አገር ጠፋች የሚባለው ከአሠሪዋ ቤት ለወጣች ሠራተኛ ነው። አሠሪ ስትጠፋ በዐሥራ አራት ዓመቴ መስማቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ድረስ አብረው መጡ። ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ ማዳም ዘይነብ ለርሆቦት ፓስፖርቷንና ትኬቷን ሰጠቻት። «አንቺ ሂጂ፤ የጌጤነሽ ልጅ ሠርግ አለባት። እኔ እንቁላሉ እስኪፈለፈል እቆያለሁ» አለቻት። ርሆቦት ብታለቅስ፣ ብትለምን፣ አልሆነም። ማዳም ያን ቀን ወደ አርባ ምንጭ በምትመለስ አውሮፕላን ሄደች። ከሐይቁ በላይ ሎጅ ይዛለች። ስልኩ የጠፋው ለካ ማዳም የርሆቦትን ቻርጀር ወስዳባት ነው። «አሁን ማን አለላት?» ብዬ ብጠይቅ፣

«እናቴ» አለችኝ ርሆቦት። «ጠዋት ጠዋት ሎጁ ድረስ ሄዳ ፔርሙዝ ትሞላላታለች። ኪኒኑንም አሳይቻታለሁ። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አትጠይቂኝ።»

ሐሲና አመሻሽ ላይ መጣች። ሳሎን ስገባ ማዳም ዙበይዳ ሶፋዋ ላይ ናት፣ ሐሲና ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ በእናቷ ወጥታለች፣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ዋስ ነኝ አላልሽም?» አለችኝ።

«ብያለሁ።»

«እናቴ የታለች?»

«እኔ ለርሆቦት ነው ዋስ የሆንኩት። ርሆቦት ይቻትና ቆማለች።»

«እናቴ ካልመጣች ማንም ከዚህ ቤት አይሄድም! ርሆቦት እንድትሄድ የፈቀድኩት እናቴን እንድትጠብቅ ነው። ኢጃዛሽን እርሺው።»

አባቴ ዛፍ ሥር ሲሟገት ያየሁ ልጅ ነኝ፤ ዳኛ ፊት የሚጮህ ሰው እንደሚረታ አውቃለሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «እማኝ አለኝ» አልኩ። «ማዳም ዙበይዳ ሰምታለች። የተባለው ርሆቦት ካልተመለሰች ነው። ስለ ማዳም ዘይነብ የጠየቀኝ አለ? ብትጠይቁኝስ፣ ለሷ ዋስ የሚሆን ሰው ከዚህ እስከ ሹዌኽ ወደብ ቢፈለግ ይገኛል?»

ርሆቦት በሩ ላይ ሆና ሳቋን በእጇ አፈነች። ሐሲና ግን አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ በቪዲዮ ደወለች። ማዳም ዘይነብ ባርኔጣ አድርጋ ብቅ አለች፤ ፊቷ በፀሐይ ነድዷል። «ሐሲና፣ እይ!» ብላ ስልኩን ወደ ሐይቁ አዞረችው። አንድ ደረቅ ግንድ የመሰለ ነገር አሸዋ ላይ ይታያል። «እሷ ናት! ከትናንት ጀምሮ አልተነቃነቀችም!»

«እናቴ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«ምን አልሽ? አይሰማም—»

ኔትወርኩ ሄደ። ሐሲና ጥቁር የሆነውን ስልክ ይዛ ቆመች። ቀጥሎ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን አብራኝ አልተቀመጠችም» አለች። «ሁልጊዜ ሻንጣ ነው። እንቁላል ላይ የተኛች አዞ ለማየት ሦስት ወር ትቀመጣለች፤ እኔ ዘንድ ግን ሦስት ሰዓት አይቀመጣትም።»

ሙግቱን ረትቼ ነበር፤ አፌ ውስጥ ግን መረረኝ። የኔዋም ልጅ ወሊሶ ላይ ለአክስቷ እንዲህ ብላ ይሆናል። አምስት ዓመት። የኔ ሰበብ አዞ አይደለም እንጂ ሻንጣው ያው ሻንጣ ነው። መሐረብ አቀበልኳት፤ ተቀበለችኝ።

ማዳም ዙበይዳ ከሶፋዋ ተነሣች። እሷ ራሷ፣ ማንም ሳይደግፋት። መኝታ ቤት ገብታ መሳቢያ ስትከፍት ተሰማ። ሽቶ የሚሸት ፓስፖርቴን ይዛ መጣችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ሰምቻለሁ አላልኩም?» አለች ለሐሲና። «ውሉ ለልጅቷ ነው፤ ልጅቷ መጥታለች። እናትሽን ተያት። በስድስት ዓመቷ የጎረቤት ውሻ ሰንሰለት ፈትታ ነክሷታል፤ በሳምንቱ ተመልሳ ፈታችው። ያኔም ለሷ ዋስ የሆነ የለም። ርሆቦት የእናትሽንም የኔንም ቤት ትያዝ። ጌጤ ትሂድ።» ቀጥላም፣ «ድመት ከገባ ግን ወዮልሽ» አለቻት ርሆቦትን።

ጥር አምስት ቀን መላኩ አየር ማረፊያ አደረሰኝ። ርሆቦት ሻንጣ ላግዛት ብላ አብራኝ መጣች። ሰልፉ ረጅም ስለነበር አጠገቤ ቆማ ሻንጣውን በእግሯ ትገፋልኛለች። ሳምንቱን ሙሉ ልቤ ውስጥ ይዤው የቆየሁትን ነገር ያኔ ተነፈስኩት።

«ለኔ ብለሽ እናትሽን ጥለሽ መጣሽ። ይኼን ውለታ በምን እንደምከፍልሽ—»

«እትዬ፣ ልዋሽሽ ወይስ እውነቱን ልንገርሽ?»

«እውነቱን።»

«ግማሹ ላንቺ ነው።» ሻንጣውን ገፋ አደረገችው። «ማዳም ቅሪ ብላኝ ነበር። ሂጂ ያለችኝ እኔ እንቢ ካልኳት በኋላ ነው። ከፈለግሽ ወረቀትሽን ሰርዤ ከእናትሽ ጋ ልተውሽ፣ ለጌጤነሽ እኔ እናገርላታለሁ አለችኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

«ለምን?»

«ምን እንደምልሽ አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን አለቀስን። ሁለተኛው ቀን ዘመድ ጎረቤት መጣ፣ ተበላ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ገበያ ሄደች፤ እኔ በር ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ፣ ቁጭ ብዬ… እግሬ አልቆም አለ። ዕረፍትሽ ነው ተብዬ እንኳ ማዳምን ፍለጋ ሐይቁ ድረስ በባጃጅ ሄድኩ። እናቴ ማታ ስገባ እንግዳ ሆነሽ መጣሽ አለችኝ። አልተቆጣችም። እንዲሁ አለችኝ።»

ሻንጣውን እንደገና ገፋ አድርጋ ፈገግ አለች። «ክረምት ላይ ከማዳም ጋ ብራዚል እንሄዳለን። አዞ አድኖ የሚበላ ነብር አለ አሉ። ቪዛው የሚጠየቀው ከዚህ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ጉንጬን ስማኝ፤ መላኩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጡሩንባ እያሰማ ስለነበር እየሮጠች ሄደች። ስትሮጥ አየኋት፤ ወደ ሰው ቤት ሥራ የምትመለስ ሰው ሩጫ አይደለም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ፓስፖርቴን ከጡቴ ሥር አወጣሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሰው ቤት ጎሕ ሲቀድ የተነሣሁ ሴት ነኝ፤ ወሊሶ ላይ ጠዋት ተነሥቼ ምን እንደምሠራ አስቤው አላውቅም ነበር። ሠርጉ እሑድ ነው። መልሱ ማክሰኞ ነው። ቅልቅሉ በሳምንቱ ነው። ኢጃዛዬ ሁለት ወር ነው። ከቅልቅሉ በኋላ የሚቀሩትን ቀናት በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና፣ አንድ እጅ ሳልጨርስ፣ «ቀጣይ!» አለኝ ሰውየው።